የራባት እናት ስትዘፍን
“ማዘር ኢንዲያ” እና እኛ የላስታ ሰዎች

(ከዚህ በታች የቀረበው፣ ጸሐፊው ላሊበላ ከተማ ውስጥ ለተሰበሰቡ የፊልም ወዳጆች “ማዘር ኢንዲያ” ከመታየቱ በፊት ያደረገው ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ንዑስ ርዕሶች ተጨምረውበታል።)



“አገር እንዲህ ሆና ስለ ሕንድ ፊልም ይወራል እንዴ?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጠያቂው እውነት አለው። ኑሮው አልቀመስ ብሏል። ቱሪስት ይመጣል ብሎ አልጋ ያነጠፈ ሰው አቧራ ሲያራግፍ የከረመባት ከተማ ናት። ታዲያ ስለ ፊልም ማውራት ምን ይሉታል? መልሴ አጭር ነው፤ ስለዚህ ፊልም ማውራት ስለ ራሳችን ማውራት ስለሆነ ነው።

ነገሩን እንዲህ እንጀምረው። ስለ ወሎ ረሃብ ዓለም የሚያውቃቸው ሁለት የፊልም ዘገባዎች አሉ። አንዱ በ1966፣ ሌላው በ1977 ዓ.ም. የወጣ። ሁለቱም መንግሥት ያስደነገጡ ናቸው። ይሁንና “እስቲ ደግሜ ልያቸው” የሚል የላስታ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በሌላ በኩል ስለ ረሃብ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ጎርፍ የተሠራ፣ ቋንቋውን አንዲት ቃል የማንሰማው የሕንድ ፊልም አለ። ያን ፊልም በልጅነቴ ካየሁት ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት መቁጠር ትቻለሁ። እኔ ብቻም አይደለሁም። አዲስ አበባም ደሴም ሂዱ፤ “ማዘር ኢንዲያ” ሲባል ዓይኑ እንባ የሚያቀርር እናትና አባት ሞልቷል። በራሳችን ረሃብ ፊታችንን አዙረን በሰው ረሃብ የምናለቅሰው ለምንድን ነው? ዛሬ የምመልሰው ይህንን ነው።

ላላዩት

ታሪኩን አስቀድሜ በመናገሬ የሚቀየመኝ አይኖርም። ይህን ፊልም ሰው መጨረሻውን ለማወቅ ብሎ አያየውም፤ መጨረሻውን እያወቀ ነው የሚያለቅሰው።

“ማዘር ኢንዲያ”፣ “እናት ሕንድ” እንደ ማለት ነው። ለሕዝብ የቀረበው በጥቅምት 1950 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1957) ነው። ዳይሬክተሩ መህቡብ ኻን፣ የሙዚቃው ደራሲ ናውሻድ፣ ዋናዋ ተዋናይ ናርጊስ ናት። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ በውስጡ አሥራ ሁለት ዘፈን አለው። በአሜሪካው የኦስካር ሽልማት ከውጭ ቋንቋ ፊልሞች ጋር ለመወዳደር በዕጩነት የገባ የመጀመሪያው የሕንድ ፊልም እሱ ነው። ዋንጫውን የወሰደው ግን የጣሊያኑ የፌሊኒ ፊልም ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ራዳ የምትባል የገጠር ሙሽራ ሻሙ የሚባል ገበሬ ታገባለች። አማቷ ለሠርጉ ብላ ከመንደሩ አራጣ አበዳሪ፣ ከሱኪላላ፣ አምስት መቶ ሩፒ ተበድራ ኖሯል። አሮጊቷ ፊደል አልቆጠረችም። መዝገቡን የሚጽፈውም የሚያነበውም ሱኪላላ ነው። ነገሩ ለመንደሩ ሽማግሌዎች ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የፈረዱት ለመዝገቡ ነው! ከዚያ በኋላ ከምርቱ አራት እጅ ሦስቱ እጅ ለወለድ ብቻ ይሄድ ጀመር።

ባልየው ዕዳውን ለመክፈል ድንጋያማ መሬት ሲያቀና ቋጥኝ ሁለት ክንዱን ጨፈለቀው። እጅ የሌለው ገበሬ ሆነ። “የሚስትህን ጉልበት ትበላለህ” የሚል ስድብ ሲበዛበት አንድ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ጠፋ። አማትየዋ ሞተች። ጎርፍ መጣና ቤቱንም አዝመራውንም ጠረገው፤ ሕፃን ልጇም ሞተባት። ሱኪላላ በዚህ መሀል እህል ይዞ ይመጣል፤ በምትኩ የሚፈልገው ገላዋን ነው። እሷ ግን እምቢ አለች። የመንደሩ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሰደድም ጭቃ ውስጥ ቆማ በዘፈን ጠርታ መለሰችው።

ሁለት ልጆች ተረፉላት። ራሙ ታጋሽ፣ ቢርጁ ቁጡ። ቢርጁ አበዳሪው የወሰደባትን የእናቱን አምባር ሳያስመልስ እንቅልፍ የለውም። መዝገቡን ለመመርመር ሒሳብ ሊማር ሞክሮ አልሆንልህ አለው። በመጨረሻ ሸፈተ። ሱኪላላን ገደለ፣ መዝገቡን አቃጠለ። በዚያም አላበቃም፤ የሱኪላላን ልጅ በሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሲጋልብ እናቱ ጠብመንጃ አንስታ ገደለችው።

ፊልሙ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ራዳ ካረጀች በኋላ ነው። ለመንደሩ የመስኖ ቦይ ተሠርቶ፣ ባለሥልጣኖቹ “አንቺ መርቂልን” ብለው የአበባ ጉንጉን አንገቷ ላይ አጥልቀውላታል። በሩ ሲከፈት የሚፈሰው ውኃ መጀመሪያ ቀይ ነው፤ ደም። ቆይቶ ይጠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። መህቡብ ይህንኑ ታሪክ ቀደም ሲል በ1940 እ.ኤ.አ. “ኦራት” በሚል ስም በጥቁርና ነጭ ሠርቶት ነበር። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በቀለም ሲደግመው እናቲቱን ሌላ ተዋናይ ተጫወተቻት። አራጣ አበዳሪውን የተጫወተው ግን ያው ሰው ነው፤ ካንሃያላል የሚባል። በመሀሉ እንግሊዝ ወጥቷል፣ ሕንድ ነጻ አገር ሆናለች፣ መንግሥት ተቀይሯል፣ ባንዲራ ተቀይሯል። አራጣ አበዳሪው ግን አልተቀየረም! ዳይሬክተሩ አስቦበት ይሁን አይሁን እንጃ፤ እኛ ግን ነገሩ በደንብ ይገባናል።

ሴት እርፍ ስትይዝ

ይህን ፊልም ለመረዳት የላስታ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሦስት ነገር ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ድርሻው ነው። በእኛ አገር መሬቱን የሚያርስለት ያጣ ሰው ለእኩል ይሰጣል፤ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። በድሮው ሥርዓት የጭሰኛውን ዕዳ ያየ ሰው እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ የሚባለውን ሁሉ ያውቃል። “ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ” ሲባል ታዲያ ለከተማ ልጅ ቁጥር ነው፤ ለገበሬ ልጅ ግን ጎተራው ውስጥ የቀረውን በዓይኑ ያየዋል። አራጣ ደግሞ ከንጉሡ ጋር አብሮ አልተቀበረም። በቅርብ ዓመታትም የማዳበሪያ ዕዳ መክፈል አቅቶት በሬውን ገበያ ያወጣ ገበሬ የምናውቅ ሰዎች ነን።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ባላነበበው ወረቀት ላይ ጣቱን ቀለም ነክሮ የፈረመ አባት የሌለው ቤት እዚህ አለ? ቢርጁ መዝገቡን ሲያቃጥል ቪዲዮ ቤቱ በፉጨት ይናወጥ የነበረው በከንቱ አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ቀንበሩ ነው። በእኛ ባህል ሴት እርፍ አትይዝም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፣ ትሸከማለች፣ ነገር ግን እርፍ አትይዝም። ባሏ የሞተባት ሴት በሬ ኖሯትም እንኳ መሬቷን ለእኩል የምትሰጠው ለዚህ ነው። ናርጊስ በሬ አጥታ ሞፈሩን ራሷ ትከሻ ላይ አድርጋ ስትጎትት፣ ሌላው አገር “ብርቱ ሴት” ብሎ ያጨበጭባል። የላስታ ሰው ግን ይደነግጣል። አንድ ቤት እዚያ የሚደርሰው ሁሉ ነገር ሲያልቅበት ብቻ መሆኑን ስለሚያውቅ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላሊበላ ውስጥ በጄነሬተር የሚሠራ ቪዲዮ ቤት ነበር። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ መቀመጫው አግዳሚ። ባለቤቱ ሕንድኛ አንድም አይሰማ፤ ግን ቆሞ “ይተረጉም” ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩ ጠላ ሻጭ የልጅ ልጃቸውን ጎትተው ሊወስዱ መጡ። ልክ ያቺ የሞፈር ትርኢት ላይ ደረሱ። በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

“አንተ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ የየት አገር ሰው ናት?” አሉኝ።

“የሕንድ ናት እማማ።”

“ሕንድም እንዲህ ይቸገራል እንዴ?”

“ይቸገራል እማማ።”

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ “ታዲያ ማነው እንዲህ አርጎ የሚነግርላት?” አሉ። የልጅ ልጃቸውን ረስተው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ።

የእማማ ጥያቄ ከአንድ የፊልም ተቺ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይበልጣል። ማነው እንዲህ አድርጎ የሚነግርልን?

የተውሶ ድምጽ

የተማሩት ሰዎቻችን የሕንድ ፊልም ሲባል አፍንጫቸውን ይነፋሉ። “ሰው እየሞተ እንዴት ይዘፈናል?” ይላሉ። እንዴ! የት አድገው ነው? በእኛ አገር ሰው ሲሞት አይደለም እንዴ የሚዘፈነው? ለቅሶ ቤት አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ ልጇ የሞተባት እናት ደረቷን እየመታች ትቀበላለች። ሐዘኑ የእናትየው ነው፤ ግጥሙና ዜማው የአልቃሿ። አንዷ ለሌላዋ ድምጽ ታውሳለች።

የሕንድ ፊልምም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ናርጊስ አፏን ታንቀሳቅሳለች እንጂ የምትዘፍነው እሷ አይደለችም። ዋነኛው ድምጽ በ2022 እ.ኤ.አ. በ92 ዓመቷ ያረፈችው የላታ ማንጌሽካር ነው። እናትና ልጆች ከጎርፉ በኋላ ሲለፉ የምንሰማውን ዘፈንማ ላታ ከሁለት እህቶቿ ጋር ነው የዘፈነችው። ፈረንጅ ይህን ሲሰማ “የውሸት ነው” ይላል። እኛ ግን አዝማሪ ቤት ገብተን “ተቀበል!” ብለን የሆዳችንን በሰው አፍ የምናስብል ሰዎች ስለሆንን አይደንቀንም። ንጋት ላይ በየደጃፉ ቆመው የሚያዜሙትን፣ በከተማችን ስም “ላሊበላ” የሚባሉትን ሰዎችስ ማን ይረሳቸዋል?

ከኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ነው። በደርግ ዘመን ደሴ ላይ የነበረው፣ ማሪቱ ለገሰን የመሰሉ ድምፃውያን ያፈራው የኪነት ቡድንም “ወሎ ላሊበላ” ይባል ነበር። በረሃብ የታወቀው አገር በዜማም የታወቀው ያው አገር መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። ራዳ ጭቃ ውስጥ ቆማ ስትዘፍን ተአምር አልሠራችም፤ የወሎ ሴት ሁልጊዜ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ችግሩ ሌላ ነው። የወሎ ሴት ስትዘፍን ካሜራ አልነበረም። ካሜራ ሲመጣ ደግሞ ድምጿን ማንም አልጠየቃትም።

ሁለቱ ፊልሞች

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። “ያልታወቀው ረሃብ” ነበር ያለው። የማያውቀው ግን ማነው? ወሎ አያውቅም? መንግሥቱ አያውቅም? ያውቃል፤ ደብቆት ነው እንጂ። አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ደርግ ያንኑ ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ ጣልቃ እያስገባበት መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ፊልም መንግሥት ይጥላል ወይ ለሚል ሰው ምስክሩ ይኸው።

ይሁን እንጂ ያን ፊልም ያሳየን ደርግ፣ አሥር ዓመት ቆይቶ መስከረም 1977 ላይ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በሰልፍና በመብራት ሲያከብር ወሎ እንደገና እየረገፈ ነበር። የሰማ አልነበረም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክ የሚባለው የቢቢሲ ሰው በካሜራማኑ በመሐመድ አሚን የተቀረጸውን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችውን የኮረምን ዘገባ አስተላለፈ። ዓለም አለቀሰ። ዘፋኝ ሁሉ ተሰብስቦ ዘፈነ። የእንግሊዞቹ ዘፈን ርዕስ፣ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ላስታን! ገናን በቤተ ማርያም ደጅ በ“ቤዛ ኩሉ” የሚያከብረውን ሕዝብ! ሰዎቹ ለበጎ ነው ያደረጉት፣ የተሰበሰበው ገንዘብም ነፍስ አድኗል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን እስቲ ልብ በሉ፤ ስለ ወሎ ዓለም ሁሉ ሲዘፍን ወሎዬ ራሱ ዘፈኑ ውስጥ አልነበረም።

በሁለቱም ፊልሞች ተራቢው ይታያል፤ የሚተርከው ሌላ ሰው ነው። ስሙን አናውቅም። ማን እንዳበደረው፣ በሬው መቼ እንደሞተ፣ መንደሩን ሲለቅ ምን እንዳለ አናውቅም። ካሜራው የሚያውቀው ከሲታውን ገላውን ነው። በ“ማዘር ኢንዲያ” ግን የተራበችው ሴት ስም አላት፣ ሠርግ አላት፣ ባሏን ትናፍቃለች፣ ከአምላኳ ጋር ትጣላለች፣ ትቀልዳለች፣ ትፈርዳለች። ትዘፍናለች። እኛ የምንወደው ረሃቡን አይደለም። የተራበው ሰው ሰው ሆኖ መታየቱን ነው የምንወደው። የጥያቄዬ መልስ ይኸው ነው።

ስደቱንም አስታውሱ። ራዳ የሚሄደውን ሰው ጠርታ ትመልሳለች። በ1977 እና በ78 በእኛ አገር ግን ከሰሜን ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው፣ ብዙው ወሎዬ፣ በመኪናና በአውሮፕላን ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ ተጓዘ። “ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?” ተብሎ በወጉ የተጠየቀ ስንቱ ነው? በየመንገዱ የተለያየ ቤተሰብ ስንት ዘፈን ነበረው? ማን ቀዳው?

ናርጊስንም እንውቀሳት

ፍቅር ማለት ጥፋት አለማየት አይደለም። ናርጊስን እወዳታለሁ። ፊልሙ ሲወጣ ገና የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ሆና ነው የአሮጊቷን እናት የተጫወተችው። ቀረጻው ላይ እሳት ከቧት ከሞት ያወጣት፣ ልጇን ቢርጁን ሆኖ የተጫወተው ሱኒል ዱት ነው፤ በዓመቱ ተጋቡ። ከዚህ በላይ ፊልም የሚመስል እውነት የለም።

ይህችው ናርጊስ በ1980 እ.ኤ.አ. የሕንድ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነች። እዚያ ተቀምጣ ታላቁን ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይን “የሕንድን ድህነት ለውጭ አገር ይሸጣል” ብላ ከሰሰችው። ሞፈር የተሸከመችው ናርጊስ! ራዳን ሆና ዓለምን ያስለቀሰችው ናርጊስ! የምክር ቤት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ድህነት ገመና ሆነባት።

ይህ ንግግር ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም። የንጉሡ ሰዎችም ብለውታል፣ የደርግ ሰዎችም ብለውታል፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትም ብለውታል፤ “የአገር ገጽታ ይበላሻል!” የአገር ገጽታ የሚበላሸው ሰው ሲራብ ነው ወይስ መራቡ ሲነገር? የኛ ባለሥልጣን ቦይ ሲመረቅ ሪባኑን ራሱ ይቆርጣል፣ ገበሬው ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ፊልሙ ውስጥ ቦዩን የምትመርቀው ግን የለፋችው አሮጊት ናት። ተከዜ የሚነሳው ከእነዚሁ ከእኛ ተራሮች ነው፤ እሱ ቁልቁል ይወርዳል፣ እኛ ሽቅብ ሰማይ እናያለን። ቦይ ተሠርቶ ለምረቃ የተጠራች የላስታ አሮጊት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ልጇን የገደለች እናት

የሚከብደውን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት አውቄ ነው። እናት ልጇን ትገድላለች? ይህ ክርክር ከቪዲዮ ቤቱ ወጥቶ ቤታችን ድረስ ይከተለን ነበር። በላስታ ሽፍታ ማለት ሌባ ማለት ብቻ አይደለም፤ ፍርድ አጥቶ ዱር የገባ ሰውም ሽፍታ ነው። ግማሹ “ልጇ ነው፣ ለማን ብላ?” ይላል። ግማሹ “ሴት ልጅ ጠልፏልና የእጁን አገኘ” ይላል።

እኔ ዕድሜ ስጨምር ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ ራዳ የፈረደችው በራሷ ልጅ ላይ ነው። በአገራችን የሰው ልጅ ላይ የሚፈርድ ሞልቷል፤ የራሱ ሰው ሲያጠፋ ግን ሕጉ ይለሰልሳል፣ ፋይሉ ይጠፋል። “ወንጀለኛ ከሆነ የእኔም ልጅ ቢሆን” የሚል ባለሥልጣን በአንደበቱ አይጠፋም፤ በተግባር አሳዩኝ። በዚህ ራዳ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ግን አሁንም ይቆጠቁጠኛል። ሱኪላላን ማን ዳኘው? ማንም። ሽማግሌዎቹ ለመዝገቡ ፈረዱ፤ ቢርጁ ሲያድግ ያገኘው ፍርድ ቤት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዳኝነት ቢቃና ኖሮ ጠብመንጃው ባልተነሳ፣ እናቲቱም ባልተኮሰች ነበር። ፊልሙ ቢርጁን በጥይት ይቀጣዋል፤ ለአበዳሪው የፈረዱትን ሽማግሌዎች ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ሽፍታውን መቅጣት ቀላል ነው። ሽፍታ የሚያደርገውን መዝገብ ማን ያስተካክለው?

ይህን የምለው ስለ ሕንድ ብቻ አይደለም። ይህች ከተማ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ፣ መብራትና ስልክ ለወራት ጠፍቶባት ስትቀመጥ እናንተው ነበራችሁ። ከዚያም ወዲህ ተኩስ ሰምተናል። ልጇ ጫካ የገባባት እናት አለች፤ ልጇ የመንግሥት ዩኒፎርም ለብሶ የዘመተባት እናት አለች፤ ሁለቱም ያሏት እናት አለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ራሙም ቢርጁም ከአንድ ሆድ ናቸው። እነዚህን እናቶች መግለጫ የሚያወጣ ሁሉ በስማቸው ይናገራል። እነሱን “እናንተስ ምን ትላላችሁ?” ያላቸው ግን ማነው?

እንግዲህ ምን ይሁን?

የራሳችን ፊልም የለንም አልልም። ኃይሌ ገሪማ ንጉሡ በወረዱበት ዘመን፣ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ አገር ቤት ገብቶ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” የባላባትና የጭሰኛ ታሪክ ነው፤ ገበሬው በራሱ አማርኛ ይናገርበታል። ከዚያ ወዲህም ጥሩ የሠሩ አሉ። የወሎን ረሃብ በወሎ ሴት አንደበት፣ በአምባሰልና በባቲ የሚነግረን ፊልም ግን እኔ አላየሁም።

መህቡብ ኻን ትምህርት ቤት ብዙ ያልዋለ፣ ከጉጃራት ገጠር የመጣ ሰው ነበር። ሀብቱ ያደገበት መንደር ነው። እኛ ከእሱ ምን ጎደለን? ገንዘብ ጎደለን፤ እሺ። ፈቃድና ነጻነት ጎደለን፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ድምጽ የሚቀዳ ስልክ አለ። በ1966 ሃያ ዓመቷ የነበረች ሴት ዛሬ ሰባን አልፋለች። ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፤ ከብልባላም ከገነተ ማርያምም ከኩልመስክም መጥታ እህሏን ዘርግታ ትቀመጣለች። በሬዋ የሞተ ዕለት ምን እንዳለች ታስታውሳለች። ለልጇ ያወረደችውን ሙሾም ታስታውሳለች። እሷ ስትሞት አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ከዚህ ስንወጣ እያንዳንዳችን የአንዲት እናት ቃል እንቅዳ። አንርማት፣ አናሳምራት፤ ስሟን ጠይቀን፣ ፈቃዷን ተቀብለን፣ እንዳለችው እንጻፈው። ፊልሙን የሚሠራው ልጅ ምናልባት ዛሬ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። መጥቶ “ምን ነበር ያሉት?” ሲለን የምንሰጠው ይኑረን። ያኔ ሌላው ቢቀር፣ ዲምብልቢ ወይም በርክ እስኪመጣ አንጠብቅም።

በሉ መብራት ሳይሄድብን ፊልሙን እንክፈተው። ቸር ይግጠመን።